ግራ እጅ አይጠራም

ሰኞ
እምቢ አልኩ። ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠርቶኝ፣ «ሐሙስ ሱፐርቫይዘሮች ያንቺን ክፍል ያያሉ። ያለፈውን ሳምንት እንግሊዝኛ ድገሚላቸው። የሚያውቅ ቀኝ እጁን፣ የማያውቅ ግራ እጁን ያውጣ፤ አንቺ ቀኝ ቀኙን ጥሪ» አለኝ። ሁሉም እጅ ያወጣል፣ እንግዳው ይደነቃል። የቆየ ዘዴ ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ ግራዬን እያወጣሁ ነው የኖርኩት፤ ማንም አልጠራኝም።

ማክሰኞ
ቀጣዩን ትምህርት አዘጋጀሁ። ከ«ኢንጆይ» በኋላ «ስዊሚንግ»፣ ከ«ዋንት» በኋላ «ቱ ስዊም»። በአማርኛ ሁለቱም «መዋኘት» ነው፤ በአንድ «መ» ተገላግለናል። የኔ ዘጠነኛ ክፍሎች ቤታቸው ኑዌርኛ ወይም አኙዋክኛ ነው የሚያወሩት፣ አማርኛውን ገበያ ነው የለመዱት፣ እንግሊዝኛው ደግሞ ከላይ ተጨመረባቸው። ይሳሳታሉ። ይሳሳቱ!
መብራት የለም፣ ሙቀቱ አናት ይበሳል።

ረቡዕ
ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ጠበቀኝ። «የክረምት ማስተርስ ዕድልሽ ሱፐርቫይዘሮቹ በሚሰጡሽ ውጤት ነው የሚወሰነው። እንጀራሽን በእግርሽ አትርገጪ።»
ስንት ዓመት የጠበቅኩት ማስተርስ! ፈራሁ፣ አልዋሽም። ግን ክፍል ገብቼ፣ «ነገ የማታውቁትን ነው የማስተምራችሁ፤ ያሰኛችሁን እጅ አውጡ» አልኳቸው። ሳቁብኝ።

ሐሙስ
ሱፐርቫይዘሮቹ ኋላ ተቀመጡ፣ ርዕሰ መምህሩ አጠገባቸው። አስተማርኩ፣ በ«ኢንጆይ» ዓረፍተ ነገር ማን ይሠራል ብዬ ጠየቅኩ። አብዛኛው ግራ እጅ! ልማድ መቼ ይለቃል።
ኛኩማም ግራዋን አውጥታለች። ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም። ጠራኋት። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አያት፤ ግራ አይጠራማ። ቆመች፤ «አይ ኢንጆይ ቱ ስዊም» አለች። ርዕሰ መምህሩ ግንባሩን ጠረገ።
ኦባንግ ከወንበሩ ሳይነሳ «ስዊሚንግ ነው!» ሲል፣ «ለምን?» ብላ ዞረችበት። ከዚያማ ክፍሉ በሦስት ቋንቋ ተከራከረ። የባሮ ዳር ልጆች ስለ ዋና ሲጣሉ ማን ዝም ያሰኛቸዋል? እኔም አላሰኘሁም። ሲበርድላቸው ኛኩማ ራሷ፣ «አይ ኢንጆይ ስዊሚንግ። አይ ዋንት ቱ ስዊም» ብላ ተቀመጠች። በደስታ እንባዬ መጣ።
ሱፐርቫይዘሮቹ ጻፉ፣ ጻፉ፤ ፊታቸው ግን አይነበብም። ሳይሰናበቱኝ ወጡ።

ዓርብ
ውጤቱ አልተነገረኝም። ርዕሰ መምህሩ ሰላም አላለኝም። ማስተርሱ ከቀረ ያንገበግበኛል፤ ድራማውን ግን አልሠራላቸውም።
ከሰዓት እዚያው ክፍል ገብቼ ሌሎች ግሶች ጻፍኩ። ሰሌዳው ሳይሞላ ኛኩማ፣ ቀኝም ግራም ሳታወጣ፣ «ቲቸር፣ አልገባኝም» አለች።
ሰሌዳውን አጠፋሁና እንደገና ጀመርኩ።