ከሮቶው ጀርባ የተገኘው ስልክ

ተበላ፣ ሁምቦ ወረዳ
ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለመልካሙ፣

እንደምን ከረምክ፣ ወንድም ጋሼ? እኔና እማዬ ደህና ነን። ጾሙ ገብቷል። በቆሎው ተሰብስቧል፤ ከአምናው ይሻላል፣ ታች ያለው ማሳ ብቻ ዝናቡ ስለዘገየበት አገዳ ሆኖ ቀረ። ላሟ ወልዳለች።

ከቅዳሜ ጀምሮ ስትደውል ስልኬ ዝግ እንደሚልህ አውቃለሁ። አትደንግጥ፤ አልታመምኩም፣ አልተሰረቅሁም። ስልኩ ሶዶ ነው ያለው፣ በጋሽ ለገሰ እጅ። ይህን ስም ስታነብ ወረቀቱን እንዳትቀደው፤ እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው። በእማዬ ስልክ ልደውልልህ እችል ነበር። ግን ታውቀኛለህ፣ በስልክ ሲያናግሩኝ «እሺ፣ እሺ» ከማለት ሌላ አልችልም፤ እማዬም አጠገቤ ቆማ ትሰማለች። ጩማ ለእህቱ ሠርግ መጥቶ ነበር፣ ሐሙስ ወደ ጆሃንስበርግ ይመለሳል፤ ደብዳቤውን በእሱ እጅ እልክልሃለሁ። ከሰባተኛ ክፍል ካቆምኩ ወዲህ ይህን ያህል ጽፌ አላውቅምና ለስህተቴ ይቅርታ።

የዞኑ የሴቶች ቼዝ ውድድር ሶዶ መሆኑን ነግሬህ ነበር። ስድስት ዙር ነው። አምስቱን አሸነፍኩ። ሩታም አምስቱን አሸነፈች። ሩታ የሶዶ ልጅ ናት፣ ሁለት ዓመት ተከታትላ አንደኛ የወጣችው፤ አባቷ ሐኪም ነው። የመጨረሻው ዙር እኔና እሷን አገናኘን። ያሸነፈችው አዲስ አበባ ለአገር አቀፉ ውድድር ትሄዳለች፤ ሌላ ማንም አይሄድም።

በቀደሙት ቀናት ስልኩን የማድርበት ቤት ትቼው ነበር የምመጣው። ቅዳሜ ግን ጨዋታው እንዳለቀ ወደ ተበላ ስለምንመለስ ዕቃዬን ሁሉ ይዤ ወጣሁ። በር ላይ ጠረጴዛ አውጥተው ስልክ ይሰበስባሉ። ስም ይጻፋል፣ ስልኩ ካርቶን ውስጥ ይገባል። «ግቢው ውስጥ ስልክ የተገኘባት ጨዋታዋን ትሸነፋለች» ተባለ። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጡት ዋናው ዳኛ ነበሩ፣ ጋሽ ለገሰ። አንተን የዛሬ ስድስት ዓመት ሐዋሳ ላይ «ስልክ አይቶ ተጫወተ» ብለው ያስወጡህ ሰው። እስከዚያ ቀን ከሩቅ ነበር የማያቸው። ከቅርብ ሳያቸው አጭር ናቸው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ቀንድ ያላቸው ይመስለኝ ነበር።

«ስልክ አለሽ?» አሉኝ።

አንተ የላክልኝን ስልክ በእሳቸው መዳፍ ላይ ማስቀመጥ አልሆነልኝም። የለኝም አልኩ። ከዚያ በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ ከሽንት ቤቱ ጀርባ፣ በውሃ ሮቶውና በግድግዳው መካከል ሸጎጥኩት። ያን ጊዜ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ይህን እመነኝ።

ሩታ ስትቀመጥ ሳቀችብኝ። «የሁምቦዋ ዝምተኛ፣ ዛሬ እንኳን ድምፅሽን እንሰማ ይሆን?» አለች። ክፋት የለባትም፤ ሁሉንም ትቀልድባቸዋለች።

እስከ ሃያኛው እርምጃ እኩል ነበርን። ከዚያ ፈረሷን ንጉሤ አጠገብ አስቀመጠችው። ብበላው ለሩኳ መንገድ ይከፈታል፤ ባልበላው ንግሥቷ ትመጣብኛለች። አሰብኩ፣ አሰብኩ። መውጫ እንዳለ ይሰማኛል፣ ግን አይታየኝም። ሰዓቴ ይሮጣል። አዲስ አበባ ስሜ ሲጠራ፣ «የመልካሙ እህት እኮ ናት» ሲባል ሰማሁት፣ በጆሮዬ የሰማሁት ያህል። ተነሳሁና ወጣሁ።

አሁን የምነግርህን እስከ ትናንት ድረስ ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ከሮቶው ጀርባ ማንም አልነበረም። ፌስታሉን ፈታሁ። የጫንክልኝን የቼዝ ፕሮግራም ከፍቼ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ደረደርኩ፤ የእሷን ወታደሮች፣ የእኔን ወታደሮች፣ ሩኮቹን፣ ያንን ፈረስ። የአንዱንም ቦታ አልተሳሳትኩም። እስካሁን የሚገርመኝ ይህ ነው። መልሱን እንዲያሳየኝ አንድ ቦታ መጫን ብቻ ቀረኝ። ራሴ ተውኩት ብልህ ደስ ይለኝ ነበር። ግን የጫማ ኮቴ ሰማሁ። ስክሪኑን አጥፍቼ፣ ፌስታሉን በደንብ እንኳ ሳልጠቀልል ወተፍኩትና ወጣሁ። በሩ ላይ ከሩታ ጋር ተላለፍን። ፊቷን ልትታጠብ ነበር የመጣችው።

ተመልሼ ፈረሱን በላሁት። ልክ ይሁን ስህተት አላወቅሁም፤ በራሴ ነው የበላሁት።

ሩታ መጥታ ገና ከመቀመጧ ከውጭ ጩኸት ተሰማ። «ዳኛ! ዳኛ ይጠራልኝ!» ኮች ዮሴፍ ነው፣ የእኛ የሁምቦዎቹ አሰልጣኝ። ስልክ እንዳለኝ እንኳ አያውቅም። ፌስታሉን በአንድ እጁ፣ ስልኬን በሌላው ይዞ ገባ።

«ከሮቶው ጀርባ! ሩታ ሁለት ጊዜ ወጥታለች፣ አሁንም ከዚያ ነው የመጣችው!»

«ፊቴን ልታጠብ ነው የወጣሁት» አለች ሩታ።

«የከተማ ልጅ፣ ንግሥትሽን ሽንት ቤት ነው እንዴ የምታማክሪያት?»

ሰው ሳቀ። ሩታም መለሰችለት፤ «ኮች፣ የምትጫወተው ተማሪህ ናት፤ ምነው አንተን ላብ አጠመቀህ?» የእሷ ሳቅ ግን ግማሽ ላይ ቆመ፣ ጋሽ ለገሰ ሰዓቱን ሲያስቆሙት።

«ቁጥር ተቆልፎበታል፤ ክፈቺው» አሏት።

«የእኔ ካልሆነ እንዴት ልክፈተው?»

«እሷም እንዲሁ ትላለች፣ ሌላ ምን ትበል!» አለ ኮች ዮሴፍ።

ቦርሳዋን ጠረጴዛ ላይ አራገፉት። አንዲት ሴት ኪሶቿን ፈተሸች። ከኋላ አንዱ «ጆሮዋ ይታይ! ጆሮ ውስጥ የሚገባም አለ!» ብሎ ጮኸ፤ የተያዘው ፀጉሯ ተፈታ። ሩታ መቀለድ ተወች። ከንፈሯን ነክሳ ጣሪያውን ታያለች። እኔ ጠጠሮቹን አያለሁ። ዝም ካልኩ ጨዋታው የእኔ ነው። አንድ ቃል መዋሸት እንኳ አይጠበቅብኝም፤ እንደ ወትሮዬ መቀመጥ ብቻ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝምታዬ ሊጠቅመኝ ነው። የግድግዳው ሰዓት ፊት ለፊቴ ነበርና ቆጥሬዋለሁ፤ ሃያ ደቂቃ ዝም አልኩ።

ጋሽ ለገሰ ፍርዱን ሊጽፉ ብዕራቸውን አነሱ። ያን ጊዜ ሩታ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ በሩ ላይ አግኝተሽኝ የለ? ስልክ ይዤ ነበር? እስቲ ንገሪያቸው!»

ሁሉም አየኝ። እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ አንተ ታውቃለህ፣ ያ ሁሉ ዓይን። ምስክርነት ነበር የጠየቀችኝ፤ ሌላ ማንም የላትም።

«የእኔ ነው» አልኩ።

«አልሰማሁም» አሉ ጋሽ ለገሰ።

«ስልኩ የእኔ ነው።»

ኮች ዮሴፍ «ልጅት፣ አብደሻል? ፈርታ ነው እኮ!» አለ። ጋሽ ለገሰ ቁጥሬን ጠየቁኝ፣ በራሳቸው ስልክ ደወሉ። የስልኬ መጥሪያ መዝሙር በኮች ዮሴፍ እጅ ውስጥ ጮኸ። እሱም ትኩስ ድንች እንደያዘ ሰው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«ለምን ደበቅሽው?»

«ለ... ለእርስዎ መስጠት አልፈለግሁም።»

መነጽራቸውን ከአንገታቸው አንስተው አደረጉ። «ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ከፍተሽዋል?»

«አልከፈትኩም» አልኩ። ይህችኛዋ ደግሞ ጮክ ብላ ወጣች።

አመኑኝ። ተነስተው ለሰው ሁሉ ተናገሩ። «ሕግ ሕግ ነው፣ ጨዋታውን ተሸንፋለች። ግን ልጆች፣ ስፖርተኛ ማለት እንዲህ ነው። ዝም ብትል ማን ያውቅባት ነበር?» አዳራሹ አጨበጨበልኝ። ወንድም ጋሼ፣ እንደዚያ ጭብጨባ የሚያቃጥል ነገር አላየሁም። ሩታ አላጨበጨበችም። ፀጉሯን በእጇ ይዛ በአጠገቤ ስታልፍ «ሃያ ደቂቃ» አለችኝ ዝቅ ብላ። «ሲፈትሹኝ እያየሽ።»

ስልኩ ኮሚቴው እስኪያየው እሳቸው ጋ ቀረ። ደረጃው ላይ ደረሱብኝ።

«የመልካሙ እህት ነሽ አይደል? ፊታችሁ አንድ ነው። አሁን ይጫወታል?»

«ለዘላለም ተከልክሎ የለ እንዴ?» አልኳቸው። እንዴት እንደደፈርኩ እንጃ።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ማን አለሽ? ሁለት ዓመት ነበር የተቀጣው። ካለቀ አራት ዓመት ሆነው። ደብዳቤም ልከንለታል፣ አልመለሰም። ያኔ እንዳንቺ ደፍሮ ቢናገር ኖሮ ሁለቱም ዓመት ባልደረሰበት።»

እንዳንቺ አሉ። ከአንተ አስበልጠው ሲያመሰግኑኝ ቆሜ ሰማሁ፣ በውሸቴ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ። የሆነውን ኮች ዮሴፍ አስቀድሞ በራሱ መንገድ አውርቶታል። እማዬ ደረቷን እየመታች «ያ ሰውዬ ሁለቱንም ልጆቼን ሊጨርስብኝ ነው! ወንዱን አሰደደ፣ አሁን ደግሞ ሴቷን!» ትላለች። ሊያጽናኑ የመጡት እትዬ ሽታዬም «ዘሩ ይጥፋ!» ይላሉ። እኔ ጥግ ይዤ ተቀምጬ ነበር። አንተ የሄድክ ጊዜም እንዲሁ ነበር፤ ይኸው ሰው፣ ይኸው እርግማን። ያኔ እኔም አብሬ ረግሜያለሁ።

ሰኞ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሶዶ ሄድኩ። ጋሽ ለገሰ በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት በር ላይ ጠበቅኋቸው። «ስልኩን ያምጡልኝና ልክፈተው» አልኳቸው። ከፈትኩት። ፕሮግራሙ እንደተውኩት ነበር፤ ወታደሮቹ፣ ሩኮቹ፣ ፈረሱ ንጉሤ አጠገብ። ጠጠሮቹን አንድ በአንድ አዩ።

«አልጫንኩትም» አልኩ። «ግን ሰው ባይመጣ እጫነው ነበር።»

«ማንም ነይ ብሎ አልጠራሽም እኮ» አሉኝ።

«እናቴ እርስዎን እየረገመች ነው።»

ሳቃቸው መጣ። «ትርገመኝ፤ ስድስት ዓመት ስትረግመኝ አልሞትኩም» አሉ። ቀጥሎ ግን ሳቁ ጠፋና ስልኩን ወደ ኪሳቸው መለሱት። ትናንት ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ተሰበሰበ። አንድ ዓመት ተቀጣሁ። አንድ ዓመት ነው፣ ወንድም ጋሼ፤ በሚመጣው ኅዳር ያልቃል። ወረቀቱን ሰጥተውኛል፣ ቀኑ በግልጽ ተጽፎበታል።

ሩታ ዘንድም ሄድኩ። በራቸው ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ግቢ አላለችኝም። እስከ መጨረሻው ሰማችና «ፈረሱን መብላትሽ ስህተት ነበር። በአራት እርምጃ ታልቂ ነበር» ብላ በሩን ዘጋችው። ቤት ሄጄ ሳየው እውነቷን ነው። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላወቅሁም።

ስመለስ እማዬ በቆሎ ትፈለፍል ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ አብሬ እየፈለፈልኩ ነገርኳት፤ ሰውዬው አልበደለኝም፣ እኔ ነኝ ያደረግሁት አልኳት። እጇ አላቆመም። ቀና ሳትል «መልካሙስ?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ፣ እሱን ጠይቂው» አልኳት።

ስለ ሁለቱ ዓመት ግን አልነገርኳትም። እሱ የእኔ አይደለም። ቅጣትህ ባለቀበት ጊዜ እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። በየገናው «መልካሙ ይመጣል ወይ?» እላት ነበር፤ እሷም «ያ ሰውዬ አገሩን ዘጋበት» ትለኝ ነበር። እኔ ምንም አልጠይቅህም። ስልኩን በእጄ ይዤ ከሮቶው ጀርባ ቁጭ ብዬ አይቻለሁና፣ ምንም አልልህም። እማዬ ግን ከትናንት ጀምሮ ጋሽ ለገሰን አልረገመችም። ስልኳን ቀሚሷ ላይ አስቀምጣ ታየዋለች። ብትደውል ቶሎ ታነሳለች።

ባለፈው ሚካኤል በስምህ ሻማ አብርተንልሃል። በምትገባበትና በምትወጣበት እሱ ይቅደምህ፤ በሰው አገር ክፉ ሰው አያግኝህ። ለአንተም ለእኔም ብርታቱን ይስጠን።

የምትወድህ እህትህ
ጽጌሬዳ