ጳጉሜን ስድስትን የማያውቅ ፕሮግራም

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 28

ጳጉሜን ስድስት የለችም።

ደጋግሜ አየሁት። ጳጉሜን 5 ላይ አንድ ቀን ጨምር ስለው መስከረም 1 ይለኛል። ዘንድሮ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ናት። ይህን የማያውቅ ሰው እዚህ መካነ ሰላም ውስጥ ፈልጌ አላገኝም። የማያውቀው የእኔ ፕሮግራም ብቻ ነው።

ያየሁትም በአጋጣሚ ነው። አባባ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ እንደ ልማዳቸው ሊቀልዱብኝ፣ "ያ መሣሪያሽ እንቁጣጣሽ በምን ቀን ይውላል ይላል?" አሉኝ። ከፍቼ አየሁና "ረቡዕ" አልኳቸው። "ኧረ ሐሙስ ነው! ቄስ ቤት አድገሽ?" ብለው እየሳቁ ካባቸውን ሊያወልቁ ገቡ። እኔ አልሳቅሁም። ፕሮግራሙን እንደገና ከፈትኩት።

ፕሮግራሙ የቀጠሮ ፕሮግራም ነው። ደሴ ላለ አንድ የልብ ክሊኒክ ዓምና የሠራሁት። አብሮኝ የተማረው ሰይድ የክሊኒኩን ኮምፒውተሮች ይይዛል፤ እሱ ነው "ሥሪልን" ያለኝ። እኔ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ እዚህ ፎቶ ኮፒ ቤት ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥራ ሳገኝ በደስታ አበድኩ። የተጠቀምኩበት ሁሉ በነጻ የሚገኝ ነው። የጻፍኩበት ቋንቋ፣ ጃቫው፣ በነጻ። ኮድ የምጽፍበት በነጻ። ካርዱን የሚያትመው ላይብረሪ በነጻ። የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር የሚቀይረውም በነጻ። አባባ ላይብረሪ ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ "ሌላ ሰው ጠርቦ ያስቀመጠው እንጨት ነው፤ እኔ ማገጣጠም ብቻ" ብያቸው ነበር።

የጠረበውን ሰው አላውቀውም። የት አገር እንዳለም አላውቅም።

ለሰይድ አልደወልኩም። ነገ። ምናልባት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።


ረቡዕ፣ ነሐሴ 29

እኔ አይደለሁም። ግን ምን ዋጋ አለው?

የነጻ ላይብረሪ ደግነቱ ሆዱ ክፍት መሆኑ ነው፤ ኮዱን ገብተሽ ታነቢዋለሽ። አነበብኩት። ሰውዬው "ዓመቱ ለአራት እኩል ከተካፈለ ጳጉሜን ስድስት ናት" ብሎ ጽፏል። እንደ ፈረንጆቹ። የእኛ ግን ለአራት ሲካፈል ሦስት የሚተርፈው ዓመት ነው። አንዲት መስመር! ዓምና ስሞክረው ሁሉም ቀን ልክ ነበር፤ ልክ የሆነውም ስህተቱ በአራት ዓመት አንዴ ብቻ ብቅ ስለሚል ነው። ተደብቆ ነው የጠበቀኝ።

የላይብረሪው የአጠቃቀም ፈቃድ ላይ በትልልቅ ፊደል "ምንም ዓይነት ዋስትና የለውም" ይላል። ስንቴ አይቼ አልፌዋለሁ። ለእኔ ዋስትና የለውም፤ እኔ ግን ለክሊኒኩ "ይሠራል" ብያለሁ።

አረምኩት። ከዚያ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ ግማሽ ባትሪ አለው። ፕሮግራሙን እንደገና ልገነባ ስል ከኢንተርኔት የሚያወርደው ነገር ፈለገ፤ ኢንተርኔት ደግሞ ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ የለም፣ ስልኩ ብቻ ነው የሚሠራው። ደግነቱ ዓምና ያወረድኩት ቅጂ ላፕቶፑ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ያለ ኢንተርኔት ገንባ አልኩት፣ ገነባው። ባትሪው አስር በመቶ ሲቀረው።

በስልክ ለሰይድ ነገርኩት። ስህተቱ የት ላይ እንደሆነ ጠየቀኝ። ከዚያ ስሜን አቆላምጦ "አብሽሪ ማስትዬ፣ ላኪልኝ" አለ።

ፍላሹን በፌስታል ጠቅልዬ፣ በሻሽ አስሬ ነገ ጠዋት ወደ ደሴ ለሚወጣው መኪና ረዳት ሰጠሁት። "ውኃ እንዳይነካው" አልኩት። "ምንድን ነው?" አለኝ። "ጳጉሜን ስድስት" ልለው ነበር። "መድኃኒት ነው በለው" አልኩት። በጥንቃቄ ኪሱ ከተተው።


ሐሙስ፣ ነሐሴ 30

ፍላሹ ደረሰ! ሰይድ ጫነው። ጳጉሜን 6 ወጣች። መስከረም 1 ሐሙስ አለ። ከመቀመጫዬ ዘልዬ ስነሣ መታወቂያ ፎቶ ኮፒ ሊያስደርጉ የመጡ አንድ አዛውንት ደነገጡ። "ምን ነክቶሽ ነው?" አሉ። "ደስ ብሎኝ ነው" አልኩ።

ደስታዬ እስከ ከሰዓት ቆየ።

ከሰዓት ሰይድ መልሶ ደወለ። "ማስተዋል፣ ካርዶቹስ?" አለኝ።

ካርዶቹ። የልብ ሐኪሙ ከአዲስ አበባ በወር አንዴ ነው የሚመጣው፣ ማክሰኞ። ጠዋት ገብቶ ማታ ይመለሳል። ፕሮግራሙ የሚመጣበትን ማክሰኞ ይመርጣል፣ ቀኑን ይጽፋል፣ ካርድ ያትማል። ለሚመጣው ቀጠሮ የታተመው ካርድ ሁሉ "ማክሰኞ፣ መስከረም 7" ይላል። ማክሰኞ ግን መስከረም 6 ነው። 7 ረቡዕ ነው፤ ሐኪሙ የለም።

ዕለቱን የሚያየው ሰው በትክክል ይመጣል። የገጠሩ ሰው ግን ቀጠሮውን በታቦት ነው የሚይዘው። ሰባት ሥላሴ ነው። "ለሥላሴ ተቀጥሬያለሁ" ይላል፤ ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ አይጨነቅም። መድኃኒቱ የሚሰጠው እስከ ቀጠሮው ልክ ነው። ረቡዕ የመጣው ሰው ያለ መድኃኒት ይመለሳል።

ኮዱን አርሜያለሁ። በሰው ጉያ ያለውን ካርድ ግን በምን ፍላሽ ላርመው?

እትዬ ዘነበች፣ የአባባ እህት፣ አቀስታ ገጠር ናቸው። ካርድ አላቸው። ባለፈው ክረምት መድኃኒታቸው ተቋርጦ እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው በቃሬዛ ነው የወረዱት። ይህን ለአባባ አልነገርኩም። ነገ እነግራቸዋለሁ።


ዓርብ፣ ጳጉሜን 1

ካርድ የያዙት አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ሰይድና እኔ ተካፍለን ስንደውል ዋልን።

ስልክ ያነሱ፦ ብዙዎቹ። "አልሐምዱሊላህ" ይላል ሰይድ።
"ገባኝ፣ ለሥላሴ እመጣለሁ" ያሉኝና እንደገና ያስረዳኋቸው፦ አራት።
የተቆጣኝ፦ አንድ። እውነቱን ነው።

ሰይድ ከጁምዓ በኋላ መስጊድ አስነገረ። አንድ ስልክ የሌላቸው ሽማግሌ እዚያው ሶላት ላይ ነበሩ፤ ካርዳቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩት። "ወላሂ፣ ዱዓ ነው ያመጣቸው" አለኝ።

የቀሩት፦ እትዬ ዘነበች፣ በእሳቸው መንደር ያሉ ሦስት ሰዎች፣ እና ከላላ ወረዳ ያሉ አቶ ይመር የሚባሉ። ካርዳቸው ላይ የተጻፈው ስልክ የማን እንደሆነ እንጃ፤ አይሠራም።

ለአባባ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "እንግዲህ ለእሑድ እናስነግራለን" አሉ ብቻ።


እሑድ፣ ጳጉሜን 3

ሩፋኤል። ዝናቡ ጠዋት አልነበረም፤ ታቦቱ ሲወጣ ወረደ። ሰው ሁሉ ነጠላውን ገልጦ፣ ልጁን ታቅፎ ዝናብ ውስጥ ገባ። የሩፋኤል ዝናብ ጸበል ነው። እኔ ዣንጥላ ይዤ ጥግ ቆሜያለሁ፤ ስልኬ እንዳይረጥብ፣ አንድ ሰው ቢደውል ብዬ። አባባ መጥተው ዣንጥላውን ከእጄ ወሰዱና አጠፉት። "ስልክሽን ለእኔ ስጪኝ፣ ግቢ" አሉ። ገባሁ። ቀዝቃዛ ነው። አለቀስኩ መሰለኝ፣ በዝናቡ አልታወቀም።

ከቅዳሴ በኋላ አስነገሩ። "ደሴ የልብ ሐኪም ዘንድ ለሥላሴ የተቀጠራችሁ፣ ቀጠሯችሁ ከሥላሴ በፊት ባለው ማክሰኞ ነው፤ ለሌላም አሰሙ።" ማን እንደተሳሳተ አልተናገሩም። አቀስታ ላሉት ቄስ ወዳጃቸውም በሹፌር መልእክት ላኩ። ለከላላም እንዲሁ፤ ወደዚያ የሚሄድ አንድ ነጋዴ እሺ ብሏል። እሺ ማለቱን ነው የማውቀው።


ማክሰኞ፣ ጳጉሜን 5

ከአቀስታ መልስ መጣ። ቄሱ ራሳቸው ለእትዬ ዘነበች ነግረዋቸዋል። የእትዬ መልስ ይህ ነው፦

"ካርዱ ሥላሴ ይላል። ካርዱን የጻፈው የወንድሜ ልጅ የሠራችው መሣሪያ ነው። እሷ አትሳሳትም። በወሬ አልሄድም።"

ሦስቱ ጎረቤቶችም ከእሳቸው ጋር ናቸው።

አባባ ሲነግሩኝ ሊስቁ ብለው ፊቴን አዩና ተዉት። ፈራሁ። ሰው አምኖኝ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።


ሐሙስ፣ መስከረም 1

ልጆች አበባዬሆሽ እያሉ መጡ። ዳቦ ሰጠሁ። ምን እንደዘፈኑ አልሰማሁም።

ኢንተርኔት ትንሽ መጣ። ባለፈው ለአፍታ ብልጭ ባለ ጊዜ ያረምኳትን መስመር ለላይብረሪው ባለቤት ልኬለት ነበር፤ መልሷል። አገራችሁን አይቼው አላውቅም ይላል። ከመጽሐፍ አንብቦ ነው የጻፈው፤ ኮዱን ብዙ ሰው አውርዶታል፣ ከእኛ አገር ግን የጻፍኩለት የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። እርማቴን ተቀብሎ አስገብቶታል። ይቅርታ ጠይቋል፣ አመስግኗል። ስሜን ጽፎታል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ኢሜይል አሳትሜ ግድግዳ ላይ እለጥፈው ነበር። አሁን የማስበው አንድ ነገር ነው፦ ቅዳሜ አቀስታ እሄዳለሁ።


ቅዳሜ፣ መስከረም 3

አቀስታ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር። ጭቃው ጫማዬን ሁለቴ ነጠቀኝ። ብርዱ አጥንት ይገባል።

እትዬ ዘነበች ሲያዩኝ እልል አሉ። ካርዱን ከአንገታቸው ሥር ካለ ከረጢት አውጥተው አሳዩኝ። ምንም አልተጨማደደም። ትንፋሻቸው ያጥራል፤ እንዳላይ ዞር እያሉ ይተነፍሳሉ።

"እትዬ፣ ካርዱ ተሳስቷል" አልኳቸው።

"ማን አለ?"

"እኔ። ጳጉሜን ስድስትን ዘልሏታል። ፕሮግራሙን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ የምነግርዎትም እኔ ነኝ።"

ካርዱን አገላብጠው አዩት። "ለአገሩ ሁሉ እኮ ነው የተናገርኩት" አሉ፣ "ዘመድ ጎረቤቱን ሰብስቤ፣ የወንድሜ ልጅ ናት የሠራችው ብዬ።"

"አውቃለሁ።"

"በይ ተይው። አትንገሪያቸው። እኔ አውቃለሁ የምላቸውን።"

ጎረቤቶቹን አስጠሩ፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ። እትዬ ቀና ብለው፣ "ለሥላሴ እቤታችን መዋል አለብን፤ ስለዚህ አንድ ቀን ቀደም ብለን ማክሰኞ እንታከማለን። ለዚህ ነው ልጅቱ ከሩቅ የመጣችው" አሉ። አፌን ልከፍት ስል እግሬን ረገጡኝ። በደንብ ነው የረገጡኝ።


ማክሰኞ፣ መስከረም 6

ትናንት አብረን ወደ ደሴ መጣን። መኪናው ላይ አላስቻለኝም፣ ለሦስቱ እውነቱን ነገርኳቸው። አንደኛዋ ሴት ሳቁ። "አውቀናል ልጄ፣ ዘነበች እግርሽን ስትረግጥ አይተናል" አሉኝ። እትዬ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ ያልሰሙ መሰሉ።

ዛሬ ሐኪሙ ሁሉንም አያቸው። የእትዬን መድኃኒት ጨመረላቸው፤ "ሳምንት ቢዘገዩ ኖሮ" ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። እኔ ጨረስኩት በሆዴ።

አሥራ ስምንት ሰው መጣ። አቶ ይመር አልመጡም። ነጋዴው ነግሯቸው ይሆን? ረስቶ ይሆን? ታመው ይሆን? ሰይድ "አብሽሪ" ይለኛል፣ እሱ ራሱ ግን በየጊዜው በሩን ያያል። ለሐኪሙ ሁሉን ነገርነው። የአቶ ይመርን ማኅደር አይቶ፣ ምናልባት ነገ ከመጡ ነርሷ መርምራቸው እንድትደውልለት፣ መድኃኒቱም እንዳይቋረጥባቸው አዞ ሄደ። ፕሮግራሙን የሠራሁት እኔ መሆኔን ስነግረው "ነገ አንቺም እዚህ ብትሆኚ ጥሩ ነው" አለኝ። ባይለኝም እሆን ነበር።


ረቡዕ፣ መስከረም 7፣ ሥላሴ

ይህን የምጽፈው ክሊኒኩ በር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነው። እትዬና ጎረቤቶቻቸው በጠዋቱ መኪና ሄደዋል፤ ሥላሴን ቤታቸው ሊውሉ። እንዳሉትም አደረጉ።

ሦስት ሰዓት። ማንም የለም።

አራት ሰዓት ሊሆን ነው። ሰይድ ሻይ አመጣልኝ፣ በረደ። ባይመጡስ? ሰውዬውን አይቼያቸው እንኳ አላውቅም። ኮድ ስጽፍ ስማቸውን እንደ አንድ ረድፍ ፊደል ነው ያየሁት።

ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ።

በሩ ላይ አንድ ሰው ቆሙ። ጋቢ ለብሰዋል፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። በፌስታል የተጠቀለለ ካርድ ዘረጉልኝ። ተቀብዬ ፈታሁት። ይመር ይላል።

"ልጄ፣ ሥላሴ ዛሬ አይደል?" አሉኝ። አንዳች ያጠፉ እየመሰላቸው ነው የጠየቁት።

"ዛሬ ነው አባቴ" አልኳቸው። "በቀንዎ ነው የመጡት። ይግቡ፣ እየጠበቅንዎት ነው።"