የአቶ ጠይብ እንድሪስ የሕይወት ታሪክ፤ ስለ ገመዶቻቸውም የቀረበ ልመና

አቶ ጠይብ እንድሪስ ከአባታቸው ከሸህ እንድሪስ ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሀስና አሊ፣ በወሎ፣ በቃሉ አውራጃ፣ ሐርቡ አጠገብ በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑን የመዘገበ ሰው የለም። እናታቸው የማሽላ እሸት በተቀመሰበት ሳምንት ነው ይሉ ስለነበር ቤተሰቡ ጥቅምት ይሁን ብሎ ተስማምቷል። እሳቸው ግን ልደታቸውን ለሚጠይቃቸው ሁሉ “መምጣቴ አይበቃም ወይ?” ብለው ያልፉት ነበር።

ቁርኣን አባታቸው ዘንድ ቀርተው ሲጨርሱ፣ አስኳላውን ኮምቦልቻ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። በ1965 ዓ.ም. ድርቁ የቤቱን ከብት ሲጨርስ፣ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው የአጎታቸውን ልጅ ተከትለው አዲስ አበባ ገቡ። ማረፊያቸው ከጭድ ተራ ጀርባ የነበረች አንዲት ክፍል ነበረች። ዓመት ያህል ሸክም ከተሸከሙ በኋላ፣ ሲኒማ ራስ አጠገብ ሬዲዮ ይጠግኑ በነበሩት በጋሼ ቶማስ ሱቅ በጽዳት ተቀጠሩ። ሦስት ወር ሳይሞላ መጥረጊያውን ጥግ አስይዘው ሽቦ ሲልጡ ተገኙ። ጋሼ ቶማስም አይተው እንዳላዩ አለፏቸው።

አቶ ጠይብን መርካቶ ያወቃቸው በጥገና ሳይሆን በገመድ ነው። በደርግ ጊዜ ደህና ቴፕና ስፒከር ያለው ሰው እንኳ ሁለቱን የሚያገናኝበት ገመድ አጥቶ በመብራት ሽቦ ይቀጥል ነበር። እሳቸው ምናለሽ ተራ ወርደው የተጣለ የስልክ ገመድ እየለቀሙ፣ ልጠው፣ አጥበው፣ ቀጫጭኑን ሽቦ እንደ ሹሩባ ጎንጉነው ገመድ ይሠሩ ጀመር። መሸፈኛ ሲያጡ ነጭ የጫማ ክር አለበሱት። ክሩ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሽቦው ልክ ይገባበታል። በኋላ ዘመን ሁሉ ነገር በየሱቁ ሲሞላ እንኳ የጫማ ክሩን አልተዉትም፤ “ሰው በዚህ አውቆኛል” ይሉ ነበር።

በ1975 ዓ.ም. ከስልጤ ነጋዴ ቤተሰብ ከተወለዱት ከወይዘሮ መሊካ ጁነዲን ጋር ትዳር መሠረቱ። ፋኢዛንና አብራርን ወለዱ። በ1984 ዓ.ም. ከጋሼ ቶማስ ሱቅ ጎን የራሳቸውን ጠባብ ሱቅ ከፈቱ። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይጠብቃል። ደንበኛ ሲመጣ ስም አይጠይቁም ነበር። መጀመሪያ የሚጠይቁት “ምን ታዳምጣለህ?” ብለው ነው፤ ሰውንም በስሙ ሳይሆን በሚያዳምጠው ይይዙታል። ባለመንዙማው፣ ባለክራሩ፣ ባለሱዳኑ፣ እየተባለ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተኖረ። ወይዘሮ መሊካ ስንት ጊዜ “ስማቸውን እንኳ ያዝ!” ብለዋቸዋል።

ሌላው የታወቁበት ነገር አውራ ጣታቸው ነበር። ለስፒከር የሚሠሩበት ጥንድ ሽቦ ሁለቱም ወገኑ ቀለሙ አንድ ነው፤ የሚለየው በአንዱ ወገን ላይ ከፍ ብላ በምትሄድ ቀጭን መስመር ብቻ ነው። ሌላ ሠራተኛ ይህንን በቴስተር ይለያል። እሳቸው በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አድርገው ቀዩን ጫፍ ቀይ፣ ጥቁሩን ጥቁር ያደርጉ ነበር። አጠገባቸው የነበሩ ሰዎች በቴስተር ሊያረጋግጡ ሲሉ ጣታቸውን ቀጥ አድርገው ያሳዩዋቸዋል። የኮሩበት ነገር ይኸው ብቻ ስለነበር ማንም አልነፈጋቸውም።

በ2000 ዓ.ም. ክረምት ያን አውራ ጣት በጋለ የብየዳ ብረት አቃጠሉት። ቁስሉ ቶሎ ዳነ፣ ቆዳው ግን ደነደነ። እሳቸው ሥራ አላቋረጡም። ዓመት ያህል ጣታቸው የሚነግራቸውን እየሰሙ ሠሩ፤ ጣቱ ግን አንዳንዴ ዝም ይል ነበር፣ እሳቸውም ዝምታውን እንደ መልስ ቆጠሩት። ከዚያ ቆዳው ተገፎ ሌላ ወጣ፤ ነገሩም ማንም ሳያውቀው ያለፈ መሰለ።

ያልታወቀው ጥፋት የታወቀው በ2013 ዓ.ም.፣ ሰፈርተኛቸው አቶ ሙናዊር ልጃቸውን ሲድሩ ነው። እንግዳው ተቀምጦ መንዙማ ተከፍቶ ነበር። አቶ ጠይብ ጉርሻቸውን ሳይውጡ ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ ጣሉ። የመንዙማው ድምፅ ከየግድግዳው ይመጣል፣ ከበሮው፣ ድቤው ግን የለም። ተነሥተው ከመደርደሪያው ጀርባ እጃቸውን ሰደዱ፤ ነጩን የጫማ ክር አገኙት። አንደኛው ገመድ ተገልብጦ ተሠርቷል። እንዲህ ሲሆን አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ወፍራሙ ድምፅም እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሽቦውን አዙረው ሲያስሩት ድቤው ቤቱን ሞላው። አቶ ሙናዊር “ይኼን ካሴት አሥራ ሁለት ዓመት ስሰማው ድቤ የሌለው መስሎኝ!” ብለው ሳቁ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አቶ ጠይብ ቤታቸው ገብተው ሁለት ቀን ሱቅ አልከፈቱም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት አምስት ዓመታት አድካሚ ነበሩ። ይህን ለማሳመር መሞከር ሟቹን አያከብርም። ጣታቸው በደነደነበት ዓመት ገመድ የወሰዱትን ሰዎች በሐሳባቸው ሲቆጥሩ ሠላሳ አንድ ቤት ሆኑ፤ ስም የላቸውም፣ አድራሻ የላቸውም፣ ሰፈራቸውም ፈርሶ ሰዉ ጀሞ፣ አያት፣ ፉሪ፣ ኮዬ ፈጬ ተበትኗል። እሳቸው ግን የሰው ሐቅ፣ ዕዳ ነው አሉ። የሰው ሐቅ ይዞ መሞት አይቻልም አሉ። እሑድ እሑድ፣ መርካቶ ሲዘጋ፣ ቴስተርና መቆንጠጫ በፌስታል ይዘው ይወጣሉ። መኪና የምትነዳላቸው የወንድማቸው ልጅ፣ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ፈርሀት ነበረች። ባለሱዳኑን የሚያውቅ ሰው የሚያውቅ ሰው እየተባለ፣ አሳንሰሩ በማይሠራ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ይወጣሉ፤ በየደረጃው መታጠፊያ ቆመው ይተነፍሳሉ። ከበር ሲደርሱም “ከአሥር ዓመት በፊት ገመድ ሸጬልዎት ነበር፣ ልፈትሸው?” ሲሉ፣ ባለቤቱ የሚሸጥ ነገር ይዘው የመጡ መስሎት “አንፈልግም አባት” ይላቸዋል።

ከተገኙት ቤቶች ግማሽ በሚሆኑት ገመዱ ደህና ሆኖ ተገኘ። በሌሎቹ አስተካከሉ፣ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አሉ፣ አውፍ ተባሉ። ወይዘሮ ሀፍሷ የሚባሉ እናት ግን አላስነኩም። ባለቤታቸው ሞተዋል። “እሱ ሲሰማው የኖረው እንዲህ ነው፤ አሁን ሌላ ድምፅ አታምጡብኝ” አሉ። አውፍ ግን ብለዋቸዋል። ወይዘሮ መሊካ ይህንን ሲሰሙ፣ እንግዲህ ይበቃል፣ ሰዉ ከለመደው አንተ ምን ቤት ነህ ብለው ተቆጡ። ልጃቸው አብራርም፣ ዱባይ ተራ ገመድ አልባ ስፒከር የሚሸጠው፣ ዛሬ በገመድ የሚያዳምጥ የለም ብሎ ደገፋቸው። አቶ ጠይብ ለመተው ተቃርበው ነበር።

እንዳይተዉ ያደረጓቸው አቶ ሶሬሳ የሚባሉ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ፉሪ ተገኙ። ስፒከራቸው ላይ ጨርቅ ተነጥፎ የአበባ ማሰሮ ተቀምጦበታል። ለምን እንደማያዳምጡ ሲጠየቁ ጆሮዬ ደክሟል አሉ። ባለቤታቸው ሌላውን ድምፅ ሁሉ ደህና እንደሚሰሙ ሲነግሯቸው አላመኑም፤ ወፍራሙ ድምፅ ከጠፋኝ ዓመታት ሆኑ፣ ሐኪም ጋ ሄጄ ለዕድሜህ ደህና ነህ ቢለኝም ሊያጽናናኝ ነው ብዬ ትቼዋለሁ አሉ። አቶ ጠይብ ማሰሮውን አንሥተው፣ ገመዱን አዙረው፣ ከፈቱላቸው። አቶ ሶሬሳ እስከ መጨረሻው አዳመጡና “ድገሙልኝ” አሉ። አቶ ጠይብ አልደገሙላቸውም። ኮሪደር ወጥተው ግድግዳ ተደግፈው ሲያለቅሱ ያገኘቻቸው ፈርሀት ናት። ከዚያች እሑድ ወዲያ ማንም ተው አላላቸውም፤ እሳቸውም፣ ጆሮዬ ሞተ ብሎ ያዘነ ሌላ ሰው በአንድ ቤት ቁጭ ብሎ ይሆናል እያሉ እንቅልፍ አጡ።

ሃያ ስምንተኛውን ቤት ያዩት ባለፈው ኅዳር ነው። ታኅሣሥ 26 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ አያት ሰፈር የሚሄዱበት ቤት ነበር። ፈርሀት በዚያ ቀን ደክሞኛል፣ ለሳምንት ይሁን ጋሼ አለቻቸው። “እሺ ልጄ፣ እረፊ” አሏት። ረቡዕ ዕለት ልባቸው ደከመ፤ ሆስፒታል ገብተው ከሁለት ሳምንት በላይ ሲረዱ ቆዩ። ያ የአያት ሰፈር ቤት በኋላ ሲጠየቅ የሌላ ሰው ሆኖ ተገኝቷል፣ ቢሄዱም አያገኙም ነበር። ፈርሀት ግን ይቆጫታል፣ ሲቆጫትም ይኖራል።

አቶ ጠይብ እንድሪስ በተወለዱ በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ቅዳሜ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ ወደ አኼራ ሄዱ። ሥርዓተ ቀብራቸውም በዕለቱ ከዙህር ሶላት በኋላ ኮልፌ በሚገኘው የሙስሊሞች መቃብር ተፈጸመ። ባለቤታቸው ወይዘሮ መሊካ፣ ልጆቻቸው ፋኢዛና አብራር፣ አራት የልጅ ልጆችና የወንድማቸው ልጅ ፈርሀት ከኋላቸው ቀርተዋል። ቀብሩ ፈጥኖ በመፈጸሙ ይህ ጽሑፍ እዚያ አልተነበበም፤ ዛሬ በሦስተኛው ቀን፣ ለዱዓ በተሰበሰባችሁበት ይነበባል። አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፣ ያጠፉትን ይማራቸው፣ የለፉትን ይቀበላቸው።

በሟች ላይ ሐቅ ያለው ሰው ካለ መጠየቅ ደንብ ነው፤ እንጠይቃለን። ያልተገኙት ሦስት ቤቶች ናቸው። አንዷ ከ2001 ዓ.ም. አረፋ በፊት፣ ልጅ አዝላ መጥታ ለእናቷ መንዙማ ማዳመጫ የወሰደች፣ ቤታችን ጭድ ተራ ጀርባ ነው ያለች ሴት ናት። ሁለተኛው ክራር ብቻ የሚያዳምጥ፣ የሻሸመኔ መስመር ሹፌር የነበረ ረዥም ሰው ነው። ሦስተኛው የሱዳን ዘፈን ወዳድ፣ ያኔ ተማሪ የነበረ ነው። የምታውቋቸው ካላችሁ ንገሩልን። በነጭ የጫማ ክር የተሸፈነ ገመድ ቤቱ ያለ ሁሉ ያምጣው፤ አብራር ቴስተር ይዞ ሱቁን እስከ ረመዳን ክፍት ያደርጋል። ማምጣት የማይመቸው አውፍ ይበልልን።

ገመዱ በቤታችሁ ኖሮ፣ ድቤው ጠፍቶባችሁ፣ ጆሮዬ ነው ብላችሁ የተዋችሁ ካላችሁ ደግሞ ይህን እወቁልን፦ ጆሯችሁ ደህና ነው። የሳተው የጠይብ ጣት ነው። አንባቢው እዚህ ላይ ወረቀቱን ያውርድ፤ ዱዓው ከመጀመሩ በፊት የሚናገር ሰው ካለ እንጠብቃለን።