ወንዝ ማዶ የተመዘገበችው ሴት

ጥቅምት 9

ለውድ እትዬ፣

እንደምን ከረምሽ? የእግርሽ እብጠት ጎደለልሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጣሪያው አሁንም ያፈሳል፤ ባልዲ ግን አላጣሁም።

ባለፈው በስልክ «ከሞቱ ሰዎች ጋር ስትውይ አይደብርሽም?» ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። ፍርድ ቤቱ ምድር ቤት ቁጭ ብዬ የተቀደዱ መዝገቦች ከመስፋት ሌላ ምን ሥራ አለኝ ብዬ ዝም አልኩሽ። አሁን ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ልጆች ሳለን ወንዝ ዳር ልብስ አጣቢዎች ይገደሉ ነበር፤ አንቺም በሩን በወንበር የምታስደግፊው በዚያ ፍርሃት ነበር። አራት ሴቶች ታንቀው ተገኙ፣ ገዳዩ ሳይያዝ ቀረ። እማዬም ከነሱ ጋር ታጥብ ነበር። አስከሬኗ ስላልተገኘ ግን ሰው ሁሉ ከአንድ ሹፌር ጋር ኮበለለች አለ።

የአራቱ መዝገብ ተቦጫጭቆ እጄ ገባ። ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ በለቀምኳት ንባብ እየተንገዳገድኩ ስሰፋም ሳነብም ሰነበትኩ። አራቱም የታነቁት በልብስ ማስጫ ገመድ ነው፤ ከጆሮ ሥር ሁለቴ ተቋጥሯል።

ከዚያ ከሌላ ክምር አንዲት ስስ መዝገብ ወጣች። ወንዙ የሁለት ፖሊስ ጣቢያዎች ወሰን ነበር ለካ። ውሃው ወደ ማዶ የወሰዳትን አንዲት ሴት የማዶው ጣቢያ «ማንነቷ ያልታወቀ፣ ሰጥማ የሞተች» ብሎ ዘጋት። አንገቷ ላይ የነበረውን ገመድም ያንኑ ድርብ ቋጠሮም ግን ጽፈዋል። ከወዲህ ያለው ጣቢያ አልጠየቀም፣ እነሱም አልነገሩም። ወሩ እማዬ የጠፋችበት ወር ነው።

የድሮ ወንጀል ለሚመረምረው ፖሊስ ወሰድኩለት። ስቆ ስለማያውቅ «ሳቂታው» እንለዋለን።

«ሴትዮ፣ እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ።

«አራት ዓመቴ ነበር፤ በምን እርግጠኛ ልሁን?»

«ትልቅ እህት አለችኝ አላልሽም? እናታችሁ የዚያን ቀን ምን እንደለበሰች ትጻፍልኝ። መዝገቡ የሚለውን ግን እንዳትነግሪያት፤ ከነገርሻት ቃሏ አይረባኝም።»

«እሷ እኮ እናታችን ጥላን ሄደች ነው የምትለው። ስሟንም አታስነሳም።»

«በጣም ጥሩ ምስክር ናታ! አታዳላላትም» አለና አቀረቀረ።

ስለዚህ እትዬ፣ መዝገቡ ምን እንደሚል አልነግርሽም። የምታስታውሺውን ብቻ ጻፊልኝ፤ ቀሚሷን፣ ጫማዋን፣ ሹራቧን፣ የተጣፈ ነገር ካለም ማን በምን ክር እንደጣፈው። ለኔ አዝነሽ አትጨምሪ፤ በሷ ተናደሽም አትቀንሺ።

ካልገጠመ አንቺ እንዳልሽው ነው፤ ጥላን ሄዳለች፣ ምናልባትም የትም አርጅታ የሌላ ሰው የልጅ ልጆች ታቅፋለች። ከገጠመ ግን የትም አልሄደችም። ይህን ሁሉ ዓመት የተቀየምሻት ሴት የዚያን ዕለት ወደኛ እየመጣች ነበር ማለት ነው። የቱን እንደምመኝልሽ አላውቅም።

ያችን ሴት የት እንደቀበሯት መዝገቡ ይናገራል። እሁድ ሄጄ አረሙን ነቀልኩ። የማንም እናት ብትሆን አረም ሊውጣት አይገባም ብዬ ነው፣ ሌላ እንዳይመስልሽ። ስለ ልጆችሽ ስነግራት መሸብኝ።

ያለሽበት አገር ብርዱን ያቅልልሽ። ከቤትሽ የወጣ ሁሉ በሰላም ተመልሶ ይግባልሽ።

የእናትሽ ልጅ፣
ታናሽሽ