ባለእጁ አንብቦታል

…ሰውየው መዶሻውን ከመሬት ሲያነሳ አንቺ ዓይኔን በእጅሽ ሸፈንሽው። እጅሽ ከሰል ከሰል ይሸት ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን በጆሮዬ ብቻ ነው የማውቀው። መጀመሪያ አጥንት ድንጋይ ላይ ሲሰበር። ቀጥሎ የአባታችን ትንፋሽ። ቀጥሎ ወናፉ ማንም ሳይነካው ያወጣት አየር። ቢላዋው መሬት ላይ ነበር። ሰውየው ይዞት ሄደ ወይስ አባታችን በደህናው እጁ መልሶ ሰበሰበው? ሁልጊዜ እዚህ ላይ ይቋረጥብኛል።

ይቅርታ አድርጊልኝ እታለም ተናኜ፤ ሰላም ሳልልሽ ገባሁበት። ሰሞኑን ስተኛም ስነቃም ከዚህ ነገር ጋር ስለነበርኩ፣ እስክሪብቶ ሳነሳ እሱ ቀደመኝ። አሁን በወጉ ልጀምር። እንዴት ከረምሽ? ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ፣ አሁንም ጎንበስ ስትይ ይይዝሻል? እምየ እንዴት ናት? ዓይኗን ያየላት ሐኪም ምን አለ? ባልሽ ቢምረው ሥራ አገኘ? ልጆቹ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ ወይስ መንገዱ አሁንም ተዘግቷል? ተኩሱስ? ስልክሽ ከመጋቢት ጀምሮ አይጠራም። በየቀኑ እደውላለሁ፤ አንዲት ሴት በተቀዳ ድምፅ ይቅርታ ትጠይቀኛለች። እኔና ትርሲት ደህና ነን። ቀኝ እጄ በፋሻ ስለተጠቀለለ ጽሕፈቴ እንደ ዶሮ ጭረት ነው። ለምን እንደተጠቀለለ እደርስበታለሁ።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ፀደንያ የምትባል የአዘዞ ሴት ናት። ለትንሣኤ ኢየሩሳሌምን ልትሳለም መጥታ ኢትዮጵያ ጎዳና ላይ ካለው ገዳም አርፋለች፤ ነገ ትመለሳለች። የኔ ሱቅ ከገዳሙ ግንብ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ሃነቪኢም መንገድ መታጠፊያው ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ስታልፍ “የጎንደር ሰው፣ ደህና አደርክ?” ትለኛለች። ምን እንደምሸጥ አይታ ግን ወደ ውስጥ ገብታ አታውቅም። ምናልባት የበሩን ጽሑፍ አንብባው ይሆናል።

ቢላዋ እንደምሠራ ነግሬሻለሁ። ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ፣ አባየ እንዳስተማረኝ። በኢንተርኔት እንደምሸጥም ነግሬሻለሁ። ያልነገርኩሽ ስሙን ነው።

ዮቫል የሚባል ባልንጀራ አለኝ። ብረቱ የኔ፣ ስምና ተመልካች ማምጣቱ የእሱ። የመጀመሪያው ቀን ቡና ይዞልኝ መጣና፣ እዚያ አገር ሰዎች ምን ብለው ይጠሯችሁ ነበር አለኝ። ጠይብ አልኩት። ምን ማለት ነው አለኝ። ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው፤ ማታ ጅብ ሆኖ ሰው የሚበላ ማለትም ነው አልኩት። ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ ትንሽ ነካካና፣ ማንም አልያዘውም አለ። በዓለም ሁሉ ላይ ይህን ስም ለሱቁ የያዘ አንድም ሰው የለም፣ አጭር ነው፣ ሰው አይረሳውም አለ።

እንዳትቆጪ። ያ ስም ሲወረወርብን ድንጋይ አብሮ ይወረወር እንደነበር አልረሳሁም። ቅንድብሽ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ስም ነው። አሁን እኔው በጋለ ብረት ላይ እመታዋለሁ፣ በእያንዳንዱ ቢላዋ፣ ከእጀታው አጠገብ። መጀመሪያ ትንሽ አድርጌ ነበር የምመታው። ዮቫል፣ በስልክ ስክሪን ከሩቅ እንዲነበብ አተልቀው አለኝ። አተለቅሁት።

ሁለተኛው ያልነገርኩሽ ጥያቄውን ነው። አባየ ቢላዋ ከእጅ ወደ እጅ ሰጥቶ አያውቅም። መሬት ላይ አስቀምጦ እጁን ይሰበስብና፣ ለምን ፈለግኸው ይል ነበር። በግ ላርድበት፣ ገመድ ልቆርጥበት ያለ አንስቶ ይሄዳል። ዝም ያለ ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህን ለዮቫል ስነግረው ከወንበሩ ተነሳ። ሰው ቢላዋ መግዛት አይፈልግም አለኝ፤ ቢላዋ በየሱፐርማርኬቱ ሞልቷል፤ እዚያ ግን የሚጠይቀው የለም፤ አንተ ጠይቀው። ከዚያ በገጻችን ላይ ባዶ ሳጥን ሠራ። ገዢው ለምን እንደፈለገው ሳይጽፍ መግዛት አይችልም። ሲጽፍ አንድ መልስ በራሱ ይደርሰዋል። መልሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። “መልስህን ባለእጁ አንብቦታል” ይላል።

በመጀመሪያው ዓመት እውነት ነበር። ሁሉንም አነብ ነበር። አንዲት የሐይፋ ሴት፣ ባሌ ስለሞተ ለአንድ ሰው ብቻ መክተፍ እየተማርኩ ነው ብላ ጻፈች፤ የሷን ሁለት ጊዜ ሳልኩት። አንዱ ደግሞ፣ አንተን ምን አገባህ ብሎ ጻፈ። አልሸጥልህም ብዬ መለስኩለት። እሱ ተናዶ እምቢታዬን በኢንተርኔት ለጠፈው። በዚያ ሳምንት የመጣው ሰው በስድስት ወር ያልመጣ ነበር። ዮቫል ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ እምቢታህ ከቢላዋህ የበለጠ ይሸጣል አለኝ።

ከዚያ ሰው በሳጥኑ ውስጥ መቀለድ ጀመረ። አማቴን ላርድበት። አለቃዬን ልበልትበት። ጎረቤቴ እንዳይዘፍን ምላሱን። ዮቫል በየዓርቡ ከሁሉ የባሰውን መርጦ ያወጣዋል፣ ከጎኑ የደም ጠብታ ሥሎ። የባሰ የጻፈ ይታያል፤ ለመታየት ደግሞ የባሰ ይጻፋል። ተመልካች እንደ ጎርፍ ነው አለኝ፤ በደጅህ እስካለፈ ድረስ ከየት መጣህ አትለውም። እኔ በሐኑካ በዓል ሰሞን፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ማንበብ አቆምኩ። እጄ ብረት ላይ፣ ዓይኔ ብረት ላይ ነበር። ያች ዓረፍተ ነገር ግን አልቆመችም። ለሁሉም ትሄድ ነበር፤ አንብቦታል፣ አንብቦታል፣ አንብቦታል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከኔ ስሚው። ያን ቀን፣ ለምን እንደሚፈልገው ያልተናገረው ሰው መዶሻ ያነሳበትን ቀን፣ ለገጹ ጽፌዋለሁ። አባቴ እጁ ተሰብሮም ቢላዋውን አልሰጠም ብዬ ጻፍኩ። ያላየሁትን ጨረስኩት። ዮቫል፣ ጨርሰው እንጂ፣ መጨረሻ የሌለው ታሪክ ማን ይገዛል ሲለኝ ጨረስኩት። ብዙ ሺህ ሰው አለቀሰበት። እኔ ግን ካንቺ ጣቶች በኋላ ምን እንደሆነ አላውቅም።

አሁን ወደ ዋናው። ከፋሲካችን በፊት፣ ፒስጋት ዘኤቭ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከቤታችን ሥር ባለው የባቡር ፌርማታ፣ ሻከድ የሚባል ልጅ ኤራን የሚባለውን ወጋው። በወታደር ቤት ጓደኞች ነበሩ ይባላል፤ በምን እንደተጣሉ አላውቅም። ሰው ባቡር እየጠበቀ በስልኩ ቀረጸው። አንቺ አታይውም፣ ስለዚህ ልንገርሽ። ኤራን መጀመሪያ የተመታ አይመስለውም። ሆዱን ያያል። ሁለተኛው ከጎድኑ ሥር ነው። ሦስተኛው ላይ በመስተዋቱ መጠለያ ተደግፎ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ መስተዋቱ ከላይ እስከ ታች ይቀላል። ሻከድ ዘወር ይልና እጁን ዝቅ ያደርጋል። ቢላዋው ለቀረጸው ሰው ፊት ለፊት ይሆናል። ስማችን ይነበባል፤ ከሩቅ ይነበባል።

ኤራን አልሞተም። መሞትም መዳንም አቅቶት ተኝቷል።

በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ገጻችን የመጣው ሰው በሁለት ዓመት ከመጣው በለጠ። የሠራሁት ሁሉ አለቀ። ያኛውን ነው የምንፈልገው፣ የፌርማታውን፣ እያሉ ይጽፋሉ። በሳጥኑ ውስጥ የኤራንን ስም እየጻፉ ይስቃሉ። ዮቫልን አልበድለውም፤ እሱ አልሳቀም። ገጹን እንዝጋው ስለው ግን፣ ማዕበል ነው፣ ይሄ በሕይወትህ ሁለቴ አይመጣም፣ ትንሽ ቆይ አለኝ። እኔም ቆየሁ። አስገድዶኝ እንዳይመስልሽ።

ባለፈው ረቡዕ የኤራን ወንድም መጣ። በሩን በእግሩ ነው የከፈተው። ጠይብ የምትባለው አንተ ነህ አለኝ። አዎ አልኩት። እታለም፣ እዚህ አገር ከመጣሁ በዚያ ስም ፊቴ ላይ የተጠራሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ድምፁ አንድ ነው፣ የእዚያና የእዚህ። ወንበሩን አንስቶ የመደርደሪያውን መስተዋት አደቀቀው። ከዚያ አንገቴን ይዞ ስብርባሪው ላይ ደፋኝ። እጄን አስቀድሜ ስለነበር ፊቴ ተረፈ። አልመታሁትም። ቢላዋዎቹ በሁለታችንም እግር ሥር ተበትነው ነበር፣ እሱም እኔም አየናቸው፤ ሁለታችንም አላነሳንም። ቆሞ አለቀሰና ሄደ። ለምሽታራ፣ ለፖሊስ ማለቴ ነው፣ አልከሰስኩትም።

በማግስቱ የኤራን እህት መጣች። አቪታል ትባላለች፣ ባንቺ ዕድሜ ትሆናለች። ስብርባሪውን ተራምዳ ቆመችና በዝግታ ተናገረች። ሻከድ ቢላዋውን ለወጥ ቤት ነው የገዛሁት ይላል፤ ኤራን ቀድሞ መታኝ፣ ድንገት ነው ይላል። እናንተ ዘንድ ገዢ አንድ ነገር ይጽፋል አሉ፤ ምን ብሎ ጻፈ አለችኝ። እፈልገዋለሁ አልኳት። ሰኞ እመጣለሁ አለችኝ፤ በእናንተ አቆጣጠር ከረፋዱ በአራት ሰዓት መሆኑ ነው።

ፈለግሁት። አንድ መስመር ነው። “ኤራንን ልወጋበት።” ኤራን ከመወጋቱ አሥራ ሁለት ቀን በፊት የተጻፈ። ከላዩ አንዱ አንበሳ ልላጭበት ብሏል፤ ከታቹ አንዱ የሚስቴን ድመት ብሏል። ከሥሩ ደግሞ የኔ ዓረፍተ ነገር አለች።

እኔ ነኝ የሳልኩት። እኔ ነኝ በወረቀት የጠቀለልኩት። ብርሃን ላይ ከፍ አድርጌ ስለቱን አይቼ ደስ ብሎኝ ይሆናል።

ዮቫል፣ መስመሩ ይጥፋ ይላል። ካላሳየነው የሚያውቅ የለም፤ ካሳየነው ግን የሚጠየቀው ሻከድ ብቻ አይደለም፣ አንብቤዋለሁ ያልከው አንተ ነህ ይላል። እውነቱን ነው። ሱቁ ይዘጋል፣ ምናልባት ከዚያም የከፋ ይመጣል። ካላሳየነው ደግሞ ሻከድ በድንገት ነው ብሎ ቶሎ ይፈታል፤ ከፌርማታው ላይ ከትርሲት ጋር ባቡር ይጠብቃል። ትርሲትን ስነግራት ድንች እየላጠች ነበር። ሳያነብ አንብቤዋለሁ የሚል የቀበሌ ሊቀመንበር ብቻ ነበር የማውቀው አለች፤ አሁን ባሌ ተጨመረ። ድንቹን የምትልጠው በኔ ቢላዋ ነው።

ስለዚህ ነው የምጠይቅሽ። አንቺ ዓይንሽን የሸፈነልሽ አልነበረም። አባየ ቢላዋውን ሰጠው? ሰጥቶት ከሆነ አትደብቂኝ፤ እጁ ተሰብሮ የሰጠ ሰውም አባት ነው። ብቻ መልሱ ሲደርሰኝ ሰኞ አልፏል። ሰኞ ዛሬ ነው። የሻከድን መስመርና ከሥሩ የኔን መልስ በወረቀት አትሜ ከዚህ ደብዳቤ ሥር አድርጌዋለሁ፤ የፊደሉ ጥላ በሳሳው ወረቀት ውስጥ ይታየኛል። ዮቫል ከጓዳ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጧል። ልሰርዘው? እያለ ሦስት ጊዜ ጠይቆኛል። ሦስት ጊዜም ቆይ ብያለሁ።

እምየን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ የእጄን ነገር አትንገሪያት፣ የስሙንም። ቢምረውን፣ ሞረዱን ከፀደንያ ጋር ልኬልሃለሁ፣ ማጭድህን ሳልበት በይው። እናናን በሁለቱም ጉንጯ፤ አብሮ የላክሁት ደብተር የሷ ነው። ውዱን ደግሞ፣ አጎትህ በሩቅ አገር ሆኖ ስምህን ይጠራል በይው፤ በድንጋይ መወራወሩንም ይተው። የሚጠይቁኝን ጎረቤቶች ሁሉ፣ የወረወሩብንንም ጭምር፣ ደህና ነው በያቸው።

ወንድምሽ መልካሙ
ኢየሩሳሌም፣ ኢትዮጵያ ጎዳና
ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቀኑን ስጽፍ አቪታል ገባች። ወንበር አልፈለገችም። ዮቫል ከጓዳ ብቅ አለና ቆመ። ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ሥር መዝዤ ልሰጣት ነበር፤ እጄ ግን ዝቅ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው፣ ከሁለታችን መካከል፣ ከዚያም ተሰበሰበ። ለምን እንደዚያ እንደማደርግ አታውቅም። አጎንብሳ አነሳችው። እስከ መጨረሻው መስመር አነበበች፤ ተመልሳ የመጨረሻውን፣ የኔን መስመር አነበበች። ፋሻዬን አየች። ወረቀቱን ለሁለት አጠፈችው። ወጣች፣ በሩም ተዘጋ።