ቀዝቃዛ ነገር ያቃጥላል?

ጥር 6
ታላቅ ሐዘን። በዛሬው ዕለት አዲሶቹ የጎማ ቦቲዎች ከነሕይወታቸው ተቀበሩ። ቀባሪው ፎርማናችን፣ የእህቴ ባል። የቀብሩ ቦታ መጋዘን፣ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ። "ይቆሽሻሉ" አለ። ቦቲ እንዳይቆሽሽ የሚቆለፍበት ሳይት... እኛ በሸራ ጫማ እርጥብ ኮንክሪት እንረግጣለን። ብረት አሳሪው የቆሰለ እግሩን ቢያሳየው ምን አለ? "አንተ ሰውዬ፣ ኮንክሪት ቀዝቃዛ ነው። ቀዝቃዛ ነገር ያቃጥላል?"

ይህ ጭንቅላት ነው እህቴን ያገባው።

ጥር 7
ነገ የሶሌታ፣ የፎቁ ወለል፣ የኮንክሪት ሙሌት አለ። ፎርማናችን ራሱ ቃጠሎውን ካልቀመሰው ያቺ የመጋዘን ቁልፍ አትወጣም። ሙገሳ ሲወድ ደግሞ... "አገባብህ ያምራል" ካሉት ገደልም ይገባል።

ጥር 8
ገባ።

"ጋሼ፣ እነዚህ ማስተካከል የት ያውቃሉ? እንዳንተ እጅ የለም" አልኩት። ወዲያው ተንበረከከ። እርጥቡ ላይ፣ በሱሪው፣ ማስተካከያውን ጣውላ እየጎተተ። "እዩ፣ ሥራ እንዲህ ነው።" ብረት አሳሪው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ተው፣ ግፍ ነው" አለኝ። "ቀዝቃዛ ነው እኮ" አልኩት።

እስከ ምሳ ተንበርክኮ ቆየ። እኔ ባልዲ ይዤ ከጎኑ... "እጅህ ይባረክ ጋሼ።" ጫማዬ ውስጥ ኮንክሪት ገብቶ ነበር። እንዲህ ያለ ትርኢት ጥሎ ሊታጠብ የሚሄድ ሞኝ ማነው? ደግሞ አላመመኝም።

ጥር 9
እህቴ ደወለች። "ጉልበቱ ተላጧል። ሱሪው ከነቆዳው ነው የወጣው። ምን አደረጋችሁት?"
"እኔ ምን አውቄ፣ እታለም።"

ስቄ ሳልጨርስ ካልሲዬን ሳብኩ። ካልሲውም ብቻውን አልመጣም...

ጥር 10
ክሊኒክ። እኔና እሱ አንድ አግዳሚ ላይ። ሐኪሟ ሁለታችንንም አየችን፦ "ሲሚንቶ ሳያሳምም ነው የሚበላው። ሲያምማ ረፍዷል። ወዲያው በብዙ ውኃ መታጠብ ነበረባችሁ።"

ስትወጣ ዞረብኝ። "እኔስ ሥራ ላይ ነበርኩ። አንተ ለምን አልታጠብክም?"
"አንተን እያየሁ።"

ጥር 14
መጋዘኑ ተከፈተ። ፎርማናችን እግሩን እንደ ኮምፓስ ከፍቶ እየተራመደ ቦቲ አደለ። ውኃ የሞላ በርሜልም አስቀመጠ። "ኮንክሪት የነካው ወዲያው ይታጠብ፤ ያቃጥላል" አለን። አሁን እሱ ነው የሚያስተምረን።

ለእኔም ቦቲ ደረሰኝ። በፋሻ የተጠቀለለው እግሬ ግን አልገባ አለ። የግራውን አጥልቄ፣ የቀኙን ታቅፌ፣ በርሜሉ ሥር ተቀመጥኩ። ብረት አሳሪው በአዲሱ ቦቲው ሆን ብሎ ሦስቴ በፊቴ አለፈ።

ለማንኛውም ነገሩ ቀላል ነው። የመጋዘኑ መክፈቻ ዋጋ፦ ሁለት ጉልበት፣ አንድ ቁርጭምጭሚት። ታላቅ ሐዘን ያልኩት እንዲያው ለወጉ ነው።