ከውጭ የሚቀረቀረው ጨለማ ክፍል

እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ፣ ወይስ ዛሬም ችለሽው ትውያለሽ? ባለቤትሽ እንዴት ነው? ልጆቹስ? እማዬ ዓይኗን ታከመች? ናፍቆታችሁ አንጀቴን ይበላኛል። እኔ አለሁ። ደህና ነኝ እንዳልልሽ ውሸቴን ከእጅ ጽሑፌ ታውቂዋለሽ። በስልክ እንዳልነግርሽ ደግሞ እማዬ ሁልጊዜ አጠገብሽ ናት። ስለዚህ ይህን መጀመሪያ ብቻሽን አንብቢው።

ፎቶ የማስተምርበት ክፍል ጨለማ ነው፤ ፊልም በብርሃን አይታጠብም። መስኮቱ ጥቁር ተቀብቶ በሚስማር ተመትቷል። አየር የሚያወጣው ማራገቢያ እኔ ከመቀጠሬ በፊት ጀምሮ ቆሟል። ፊልም የሚታጠብበት ኬሚካል እንደ ኮምጣጤ እየሰነፈጠ ጉሮሮ ይፍቃል። ይባስ ብሎ አንድ ተማሪ ሳያስበው በሩን ከፍቶ የሁሉንም ሥራ ስላበላሸ መቀርቀሪያውን ከውጭ አደረጉት። ስንገባ ዘበኛው ይቀረቅርብናል፤ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ይከፍትልናል። ለርእሰ መምህሩ ያልነገርኩበት ቀን የለም። "እሺ፣ ይታያል" ይለኛል። የሱ እሺ ቢጠራቀም ግድግዳውን በስቶ አየር ባስገባ ነበር።

ተማሪዎቹ ቀጭኔ የሚሏት ረጅም ልጅ አለች። ባለፈው ወር ፎቶዋ ሲወጣ ለማየት የኬሚካሉ ሳህን ላይ አጎንብሳ ሳለ "መምህር፣ ደረቴን ጨመቀኝ" አለችና እጄ ላይ ተዝለፈለፈች። በሩን ደበደብን። ዘበኛው ለካ ዕቃ ሊያስገባ ወደ ዋናው በር ሄዷል። ልጆቹ ሲጮሁ እኔ ከበሩ ሥር ብርሃን እንዳይገባ የወተፍነውን ጨርቅ ጎትቼ አወጣሁና አፍንጫዋን ክፍተቱ ላይ አስጠጋሁት። እስኪከፈትልን ሲሚንቶው ላይ አብሬያት ተጋድሜ "በርቺ፣ አየሩን ሳቢው" እላት ነበር። ተረፈችልኝ።

በማግስቱ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብቼ ሌላ ልጅ እዚያ ክፍል አላስገባም አልኩት። "እኔም እዚያው ተምሬ አድጌያለሁ፤ ምን ሆንኩ?" አለኝ። አልተነሳሁም። የልጅቷ አባት መጥቶ ከጎኔ ሲቀመጥ ጊዜ ድምፁ ለሰለሰ። መቀርቀሪያው ወደ ውስጥ ተዛወረ፤ ተማሪ እንዳይገባም ታዘዘ። እንዴት ደስ እንዳለኝ። ደስታዬ ግን አልከረመም። የልጆቹን ፊልም ሁሉ ማን ይጠበው? እኔ፣ ብቻዬን። ማራገቢያውስ ብዬ ስጠይቀው "ለልጆቹ ነው ያልሽው፤ ልጆቹ ወጡ። ታዲያ ምን ቀረሽ?" አለኝ። በገዛ አፌ ታሰርኩ።

አሁን ደረጃ ስወጣ መሃል ላይ አርፋለሁ። ጓንት ለብሼም ጣቶቼ ይላጣሉ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ "ከዚያ ክፍል ራቂ" አለችኝ። ለአፏ ቀላል ነው። የምተኛባት ቤት የትምህርት ቤቱ ናት፤ በዚህ በሰው አገር የመኖሪያ ፈቃዴም በዚሁ ሥራ ስም የወጣ ነው። ከክፍሉ ብወጣ የት እገባለሁ?

ትናንት ግን ኬሚካሉን ደፍቼ፣ ሳህኖቹን አጥቤ ደረደርኩና የክፍሉን ቁልፍ ርእሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩለት። ማራገቢያው ሳይሠራ አልገባም አልኩት። ቆጣ እንኳ አላለም። "እስከ ሰኞ አስቢበት። የማትገቢ ከሆነ ቤቱን ለሚገባው ሰው ትለቂለታለሽ" ብሎ ቁልፉን ወደ እኔ መልሶ ገፋው። ሳላነሳው ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቀጭኔ አገኘችኝና "መምህር፣ ፊልሜ መቼ ይደርስልኛል?" አለችኝ። ፀጉሯን ዳሰስ አድርጌ አለፍኩ።

እታለም፣ ብመለስ ከልጆችሽ ጎን የምጋደምባት ጥግ ትኖር ይሆን? ባለቤትሽን ሳታማክሪ እሺ አትበይኝ፤ ቤታችሁ እንደሚጠብ አውቃለሁ። ቢከብዳችሁም አልቀየምም። ወደዚያ ክፍል ግን አልመለስም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ድምፅዋ የጠፋው ሥራ በዝቶባት ነው በያት፣ እሱስ እውነት ነው። ለባለቤትሽ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረሰው። ትልቋን በትምህርትሽ በርቺ ብላለች በያት፤ ትንሹን ጉንጩን ነከስ አድርገሽ ሳሚልኝ። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋንም ሰላም በያት። መልስሽን ከቤት ወጣ ብለሽ ደውይና ንገሪኝ። በደብዳቤ አትላኪው፤ ይህ ሲደርስሽ ሰኞ አልፏል፣ አድራሻው የእኔ ይሁን የሌላ ሰው አላውቅም።

ታናሽሽ
ከትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ከመምህራን መኖሪያ
ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18